የሞላሌው ሰማያዊ ጭስ

«አንተ! ምን እየደገምክባት ነው?»

ወይዘሮ ወለተኪዳን ዱላቸውን ይዘው ከጓሮ ብቅ አሉ። ትዕዛዙ አሮጌዋ ፒክአፕ ሞተር ላይ ተደፍቷል፤ የላስቲክ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ውስጥ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኗል። እንዲህ ሆኖ የተገኘ ሰው ድግምት አይደለም ቢል ማን ያምነዋል?

«እያዳመጥኩ ነው እማማ። የሆነ ቦታ አየር ትስባለች።»

«ስታንሾካሹክ ሰምቼሃለሁ!»

መሪ ይዛ የተቀመጠችው ልጃቸው ጽዮን ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች። ያንሾካሾከው ለእሷ ነበር። «ትንሽ ነዳጅ ስጪያት» ነው ያላት። ይህ የሚንሾካሾኩት ነገር አልነበረም፤ እሱ ግን ለጽዮን ጮክ ብሎ መናገር አይሆንለትም።

አባቷ ካረፉ ወዲህ የሞላሌን ገብስና በግ መሐል ሜዳ የምታደርሰው ጽዮን ናት። ትዕዛዙ የሠፈራችን መካኒክ ነው፤ ጥፋቱ የቀጥቃጭ የልጅ ልጅ መሆኑ ብቻ። የወይዘሮ ወለተኪዳንን ማረሻ የቀጠቀጡት አያቱ ናቸው። በዚያ ማረሻ የበቀለውን ገብስ ሁላችንም በልተናል፤ የቀጥቃጩን ዘር ዓይን ግን እንፈራለን። እንዲህ ነን እኛ።

ጽዮን ለምና ለምና እናቷን አንድ ቃል አስወጥታለች፦ «መኪናዬ በእጁ ከዳነች ዓይኑ ክፉ አይደለም፤ ሽማግሌ ይላክ።»

ትዕዛዙ አየር የሚያፏጭበትን ቦታ አገኘው። ከሞተሩ ወደ ፍሬኑ የሚሄደው ወፍራም ቱቦ ተሰንጥቋል። መኪናዋን ቆማ የሚያንቀጠቅጣት፣ ፍሬኗንም አደንድኖ ቶሎ እንዳይዝ የሚያደርገው እሱ ነው። ቀየረው፤ ሞተሩ ጸጥ አለ። ጽዮን አየችው፤ እሱም አያት፤ እናትየው እስኪያስሉ ድረስ።

«እሑድ ሽማግሌዎቹን ላካቸው» አሉ።

ቅዳሜ ጽዮን የመሐል ሜዳን መንገድ ቁልቁለት ጨርሳ ነዳጅ ስትረግጥ መኪናዋ ሰማያዊ ጭስ ተፋች። ገበያተኛው ሁሉ አየ።

«ይኸው! ተንቀጠቀጠች እንጂ ጨሳ ታውቃለች?» አሉ ከጎኗ የነበሩት ወይዘሮ ወለተኪዳን።

እውነታቸውን ነው። ትዕዛዙ የዘይት መለኪያውን መዝዞ ቢያይ ዘይቱ ወርዷል። ቫልቮቹ ላይ ያሉት ትንንሽ ላስቲኮች ድሮም ደርቀዋል፤ ሞተሩ በስንጥቁ አየር እየማገ ዘይቱን የሚስብበት ጉልበት አልነበረውም። አሁን በደንብ ሲስብ ዘይቱንም ይጠጣል። የተደበቀውን በሽታ ያወጣው የራሱ ሙያ ነው፤ ይህን ለእሳቸው በምን አፍ ይናገሩታል? ላስቲኩ ደግሞ ደብረ ብርሃን ቢፈለግ፣ አዲስ አበባ ቢጠየቅ የለም።

አመሻሹ ላይ ጽዮን ብቻዋን ወደ ትዕዛዙ ጋራዥ መጣች።

«ቱቦውን አላላው።»

«ምን?»

«እንደ ድሮዋ ትንቀጥቀጥ። ጭሱ ይቀንሳል፤ እማዬም ትረሳዋለች።»

ትዕዛዙ መፍቻውን አነሳ። ቱቦውን ነካው። ከዚያ መፍቻውን መልሶ አስቀመጠ።

«በደነደነ ፍሬን ያንን ቁልቁለት አላስወርድሽም።»

«እስከ ዛሬ ወርጄው የለ?»

«እስከ ዛሬ አላወቅኩማ።»

«እንግዲያው ታጣኛለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ሌላ የምትለው የለህም?»

ትዕዛዙ ጨርቅ አንስቶ የጸዳ እጁን ደግሞ ደጋግሞ ጠረገ። እሷም የሚጠርገውን እጅ ስታይ ቆየችና ሄደች።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ለብሰው ሊነሱ ሲሉ ከወይዘሮ ወለተኪዳን «እንዳትመጡ» የሚል ቃል ደረሳቸው።

በሚቀጥለው ገበያ እናትና ልጅ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ከመታጠፊያው የበግ መንጋ መንገዱን ሞላው። ከበጎቹ በስተቀኝ ገደል ነው። ጽዮን ፍሬኑን ረገጠች፤ መኪናዋ በጎቹን ልትነካ ስትል ቀጥ አለች።

ተመልሰው ጋራዡ በር ላይ ቆሙ። ወይዘሮ ወለተኪዳን ከጋቢና ወረዱ።

«ያዘ» አሉ።

«ፍሬኑ?»

«ፍሬኑ።»

ጽዮን መሪውን እንደያዘች በመስኮቱ አንገቷን አወጣች። ትዕዛዙ አንዴ እሷን አየ፤ አንዴ መሬቱን።

«እንግዲያው እማማ… ሽማግሌዎቹን ልላክ?»

ወይዘሮ ወለተኪዳን ነጠላቸውን አጣፉ።

«ፍሬኑ ያዘ አልኩ እንጂ ዓይንህ ተሠራ መች አልኩ?»