የፋዲላ እጅ

«ዚስ ኢዝ ኤ ናይፍ» አለች ፋዲላ ቢላዋውን እያየች። ይህን ካለች በኋላ ነው ያነሳችው። «ዚስ ኢዝ አን ኦንየን።» ቀጥላ ሽንኩርቱን አነሳች።

ናጅዋ በርጩማ ላይ ጉልበቷን አቅፋ እንደተቀመጠች ራሷን ነቀነቀች። ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት፤ ማድ ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ በእንግሊዝኛ ስሙ ሳይጠራ አይነካም። ፋዲላ ረስታ ጭልፋውን ብድግ ካደረገች መልሳ ታስቀምጣለች፣ ስሙን ትጠራለች፣ እንደገና ታነሳለች። ሕጉ ከወጣ ወዲህ ምሳ በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም። የናጅዋ አባት ኸድር ከማሾ ማሳው ሲመለስ በበሩ አንገቱን ያሰግግና «ዛሬስ ሽንኩርቱ ፓስፖርት አወጣ ወይስ ገና ሰልፍ ላይ ነው?» ይላል።

«ወንድምጋሼ፣ ዚስ ኢዝ ኤ ሀንግሪ ማን» ትለዋለች ፋዲላ።

«ስድብ ከሆነ አላህ ይይላችሁ» ይልና እየሳቀ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል።

ክረምት ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ሸዋ ሮቢት ግን ክረምት ገባ ብላ ሙቀቷን የምትቀንስ ከተማ አይደለችም። ከሰዓት በኋላ የማድ ቤቱ ቆርቆሮ ይንጣጣል፤ በሚስማር ቀዳዳዎቹ ሾልኮ የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ነጠብጣብ ይሠራል። በዚያ ሰዓት ናጅዋ ግማሽ ጎኗ ነቅቶ ግማሹ ያልማል። ዕቃዎቹ ሁለተኛ ስማቸውን ሲሰሙ ከቦታቸው ትንሽ ፈቀቅ የሚሉ ይመስላታል። ድስቱ ፖት ሲባል ድስትነቱን አልተወም፤ ነገር ግን ሩቅ አገር ዘመድ እንዳለው ድንገት የተነገረው ሰው ኩራት ኩራት ይለዋል። ጨውም፣ ወንፊቱም፣ ምድጃው ውስጥ የሚንቀለቀለው እሳትም እንደዚያው ናቸው።

ፋዲላ የኸድር ታናሽ እህት ናት። የናጅዋ እናት ሐጂራ ለሥራ ጅዳ ስትሄድ ናጅዋ የወተት ጥርሷን እንኳ አልነቀለችም ነበር። ፋዲላ ያን ጊዜ ስድስተኛ ክፍል ትማራለች። «ለጊዜው» ተብሎ ደብተሯን አስቀምጣ ልጅ ልትይዝ መጣች። ለጊዜው የተባለው ነገር እነሆ ናጅዋን ዘጠነኛ ክፍል አስጨረሳት፤ ፋዲላ ወደ ደብተሯ አልተመለሰችም። ስለዚህ ጉዳይ ቤት ውስጥ ማንም አያወራም። ናጅዋ ግን ታውቀዋለች። የትምህርት ቤት ካርዷን ይዛ ስትመጣ ከሁሉ ቀድማ ተቀብላ ቁጥሩን በጣቷ እየተከተለች የምታነበው ፋዲላ ናት።

ከደብረ ሲና ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ አዲስ ሎጅ ተከፍቷል። የሚያድሩበት ፈረንጆች በልተው ተራራ አይተው ብቻ አይሄዱም። ወጥ ቤት ይገባሉ፣ ሽርጥ ይታጠቃሉ፣ ከወጥ ሠሪዋ ጋር ሽንኩርት እየከተፉ ይሄ ምንድነው፣ ያኛውስ ለምንድነው እያሉ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ሎጁ የፈለገው ማድ ቤቷን በእንግሊዝኛ ማውራት የምትችል ሴት ነው። ፋዲላ ይህን ከሰማች ጀምሮ ዓይኗ ከተራራው አልወርድ ብሏል። ውኃ ልትቀዳ ወጣ ትልና ጀሪካኑ ሞልቶ እየፈሰሰ፣ ጉም የለበሰውን አፋፍ ታያለች።

«ከጅዳ ደብረ ሲና ይሻላል» ብሏል ኸድር ሲነገረው። «ቢያንስ ከደጄ ሆኜ አየዋለሁ።»

ናጅዋም አስተምርሻለሁ ብላ ቃል ስትገባ ከልቧ ነበር። ጨዋታ መስሏት ነበር መሰል።

«አሁን እኔ ፈረንጇ ነኝ» አለች ያን ቀን ከሰዓት፣ በርጩማዋን ሳብ አድርጋ። ድምፅዋን በአፍንጫዋ አወጣችው። «ዋት ኢዝ ዚስ?»

«ዚስ ኢዝ ፋየር።»

«ዋት ዱ ዩ ዱ ኢን ዘ ኪችን?»

«አይ ዋሽ። አይ ከት። አይ ኩክ» አለች ፋዲላ፣ በየቃሉ እጇን እያጠበች፣ እየከተፈች፣ እያማሰለች።

«አር ዩ ኤ ጉድ ኩክ?»

ፋዲላ ጥያቄው ገብቷታል። ጎበዝ ወጥ ሠሪ ነሽ ወይ ነው የተባለችው። ዓይኗን ሰበር አደረገች፣ የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች። «ኖ» አለች ቀስ ብላ። «ሊትል።»

«ፋዲዬ፣ እንደሱ ነው የምትይው?»

«እና የገዛ እጄን ራሴ ላሞግስ? ነውር አይደል እንዴ? ሙያ በልብ ነው።» ሳቀችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደግሞም ዓይን አለ።»

ሰፈሩ ውስጥ ሁሉም እንደዚህ ነው። ሰርግ ቤት ፋዲላ የሠራችው ወጥ ሲቀርብ ሴቶቹ ገና ከመጉረሳቸው «ማሻ አላህ፣ እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ይላሉ። እሷ ደግሞ «ኧረ ተዉኝ፣ ዛሬ ጨው በዝቶበታል» ትላለች። ጨው አልበዛበትም፤ አለመብዛቱን የሚበላው ሁሉ ያውቃል። ወጥ ሠሪዋ አዎ ይጣፍጣል ብትል ግን ከሰርጉ ይልቅ የሚወራው ያ ይሆን ነበር።

ናጅዋ ይህንንም ሌላውንም ታውቃለች። የእንግሊዝኛ መምህራቸው ጋሽ ፀጋዬ «ፈረንጅ የነገርከውን ነው የሚይዝልህ፤ አልችልም ካልከው አይችልም ብሎ ይሄዳል» ይሏቸው ነበር። ማረም ነበረባት። የስ፣ አይ አም፤ እርማቷ ከዚህ አትበልጥም። አፏን ከፈተች።

ከዚያ ማድ ቤቱን አየችው። ፋዲላ የሌለችበት ማድ ቤት ታያት፤ እሳቱ የጠፋ፣ ድስቱ የተደፋ፣ አባቷ በር ላይ አንገቱን አስግጎ የሚቀልድበት ሰው ያጣበት። እናቷን በስልክ መስታወት ካልሆነ አይታት አታውቅም ማለት ይቻላል። አሁን ፋዲላም ከሄደች ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ምን በላሽ?» የሚላት ማን ነው? ፈራች። እርማቱን ትታ በርጩማዋን አስተካከለች።

«ጥሩ ነው» አለች። «እንቀጥል።»

ከዚያ በኋላም በየቀኑ ጥያቄው ላይ ሲደርሱ ፋዲላ ሻሿን ወደ አፏ ትወስዳለች፣ ኖ ትላለች፣ ናጅዋ እንቀጥል ትላለች። ውሸት አልተናገረችም፤ ዝም ነው ያለችው። ዝም ማለትም እንደሚከብድ ግን ያወቀችው በዚያ ሰሞን ነው። ምሳ ሲቀርብ ወጡ እንደወትሮው ይጣፍጣል፣ እሷ ግን ሁለት ጎርሳ እጇን ትታጠባለች።

ሎጁ ለፈተና በቀጠራት ቀን ሚኒባሱ ሮቢትን ለቆ ዳገቱን ሲጀምር ፋዲላ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ መንገድ ላይ ያየችውን ሁሉ በለሆሳስ ትጠራለች። ውኃ። እሳት። ሴትዮ። የማታውቀው ሲገጥማት ናጅዋን በክርኗ ጎሰም ታደርጋለች። መንገዱ በተጠማዘዘ ቁጥር ሙቀቱ እየለቀቃቸው ሄደ። ማንጎውና ፓፓያው ወደ ኋላ ቀረ፤ ቀጥሎ አየሩ እርጥብ ሆነ፤ ከዚያ ጉሙ መጣና መንገዱን፣ ገደሉን፣ ከታች የቀረውን ቆላ በሙሉ ሸፈነው። ሹፌሩ መብራት አበራ። ናጅዋ ሚኒባሱ መንገድ ትቶ በአየር ላይ የሚሄድ መሰላት፤ ለትንሽ ጊዜም የትም ባይደርሱ፣ እንደዚህ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ጉም ውስጥ ቢቀሩ ብላ ተመኘች።

ፋዲላ ነጠላዋን ዘርግታ ግማሹን አለበሰቻት። «በርዶሻል» አለቻት።

የሎጁ ሥራ አስኪያጅ ዮናስ የሚባል ቀጠን ያለ ሰው ነው። በር ላይ ቆሞ ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች ስም እየጠራ ያስገባል። «ይቺስ ማን ናት?» አለ ናጅዋን አይቶ።

«አስተማሪዬ ናት» አለች ፋዲላ። ለራሷ እጅ ያልሰጠችውን ኩራት ለናጅዋ ለመስጠት አልሰሰተችም።

«እንግዲያው መምህርቷም ይግቡ» አለ ዮናስ ፈገግ ብሎ። «ዛሬ ማብሰል የለም፤ ወሬ ብቻ ነው። በወሬው ያለፈች ሌላ ቀን መጥታ ታበስላለች።»

ወጥ ቤቱ ሰፊ ነው፤ አብረቅራቂ ጠረጴዛ መሀሉ ላይ ተዘርግቷል። መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ጉሙ ቀስ እያለ ገብቶ ድስቶቹ መሀል ይዞራል። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ክላራ የምትባል ጠጉሯ ሽበት የጀመረው ፈረንጅ ተቀምጣለች፤ የሎጁን ወጥ ቤት የምትመራው እሷ ናት። በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ሳይሆን እንግዳን እንደሚያናግሩት አድርጋ ትጠይቃለች። ቢላዋ አሳየቻት። ፋዲላ መለሰች። ሽንኩርት፣ ጨው፣ ወንፊት፣ እሳት። ሁሉንም መለሰች። ምን ትሠሪያለሽ ስትባል እጇ ሳይቀር አብሮ መለሰ፤ አጠበች፣ ከተፈች፣ አማሰለች። ክላራ ሳቀች፣ ፋዲላም ሳቀች። ናጅዋ ግድግዳው ሥር ቆማ ደረቷ ሲሞላ ተሰማት። ያስተማረችው ሰው ነው እንዲህ የሚመልሰው።

በዚህ መሀል የዮናስ ስልክ ጮኸና ወደ ውጭ ወጣ።

«አር ዩ ኤ ጉድ ኩክ?» አለች ክላራ።

ፋዲላ ዓይኗን ሰበር አደረገች። ሻሿን ወደ አፏ ወሰደች። «ኖ» አለች። «ሊትል።»

የክላራ ፈገግታ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ። እስክሪብቶዋን ከደነች። ፋዲላ ግን ልክ የመለሰች መስሏት ወደ ናጅዋ ዞር ብላ በዓይኗ ጠቀሰቻት፤ እንዳለማመድሽኝ አይደል? የሚል ጥቅሻ ነበር።

«ጥሩ አስተማሪ ነሽ» አለቻት ክላራ ለናጅዋ በእንግሊዝኛ። «ደስ የምትል ሴት ናት፤ ሐቀኛም ናት። ግን እኔ የምፈልገው ማብሰል በደንብ የምትችል ሰው ነው። እንኳን መጣችሁ።»

አለቀ። ናጅዋ አመሰግናለሁ ካለች ይወጣሉ። ሚኒባስ ይሳፈራሉ፣ ጉሙን ከላያቸው ትተው ይወርዳሉ፣ ሙቀቱ ይቀበላቸዋል፣ ፋዲላ እሳት ታያይዛለች። የፈለገችው ይኸው ነው፤ ማንም ምንም ሳያውቅ እጇ ላይ ወድቆላታል። ፋዲላ አሁንም እየሳቀች ታያታለች፤ ከተባለው አንዱም አልገባትም። እንዲህ ተማምናባት የምታያትን ሰው ይዞ ወደ ቤት መመለስ እንደማይቻል ናጅዋ ገባት።

«ይቅርታ» አለች በእንግሊዝኛ። ከግድግዳው ተላቃ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። «እኛ አገር ወጥ ሠሪ የራሷን እጅ አታሞግስም። ነውር ነው። ብትጠየቅም አልችልም ትላለች። የሚናገርላት ሌላ ሰው ነው።»

ክላራ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀና አለች። «ሌላው ሰው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ናጅዋ። «እናቴ ሩቅ ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ ከእሷ እጅ ነው የበላሁት። ሰርግ ሲኖር እሷ ካልሠራች ሽማግሌዎቹ ያኮርፋሉ። ሲያመኝ ምግብ አልፈልግም እላለሁ፣ እሷ የሠራችው ሲሸተኝ ግን ይርበኛል። ይህን መልስ እንደማትወጂው አውቅ ነበር፤ አላረምኳትም፤ እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው።»

የመጨረሻውን መናገር አላሰበችም ነበር፤ ካፏ ወጣ። ክላራ ወንበሯን ወደ ናጅዋ አዞረች።

«እና፣ ጎበዝ ወጥ ሠሪ ናት?»

«የስ» አለች ናጅዋ። «ሺ ኢዝ።»

ክላራ እስክሪብቶዋን መልሳ ከፈተች። ፋዲላ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እያየች ቆይታ በመጨረሻ ናጅዋን ጎተት አደረገቻት።

«ምን ተባባላችሁ? አጠፋሁ እንዴ?»

«አላጠፋሽም፤ ሁሉንም እነግርሻለሁ» አለች ናጅዋ። ዓይኗን በፋዲላ ነጠላ ጫፍ ጠረገች። «ቆይ ብቻ፣ አንድ ነገር ልጠይቃት።»

ከዚያም ወደ ክላራ ዞረችና፣ ወጥ ሠሪዋ ወደ ቤቷ የምትወርድበት የዕረፍት ቀን መቼ መቼ እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት።