እዚህ ላይ ቆም በይ

«ስለ ራሴ ጥሩ ጥሩውን ልጻፍ? ቲቸር፣ ሥራ ልቀጠር ነው እንዴ?»

የምክር አገልግሎት መምህርቷ ቀና እንኳ አላሉም። «ጥሩ ጥሩውን አላልኩሽም። ከልብሽ የምትወጂውን አንድ ነገር፣ ለምን እንደምትወጂው ጨምረሽ ጻፊ። ስለዚያ ቀን ግን አንድም ቃል እንዳትጽፊ። አሥራ አምስት ደቂቃ አለሽ።»

ቢሮው የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫም ስለሆነ የኳስ ጎማ ይሸታል። ልጅቷ በረጅሙ ተነፈሰች። አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ ጭንቅላቷ ሲያቃጥላት ከርሞ፣ መድኃኒቱ የቤት ሥራ ሆኖ አረፈው!

ያ ቀን የተባለው በቅርቡ የሞቱት የላይብረሪው ሠራተኛ፣ የጋሼ፣ የመታሰቢያ ቀን ነው። እሷ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አንባቢ ናት፤ የሕይወት ታሪካቸውን በሰልፍ ላይ እንድታነብ ተመረጠች። የቋንቋ መምህሩ በጽሑፉ መሃል በእስክሪብቶ ማስታወሻ ጣል ጣል አድርገውበት ነበር። እሷ ደግሞ ፈርታ ዓይኗ ያረፈበትን ሁሉ አነበበች፦ «ከሃያ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎት በኋላ ተለዩን። እዚህ ላይ በሐዘን ቆም በይ።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ከፊት ጥቁር ሹራብ ለብሳ የቆመችው የጋሼ ልጅ፣ የዘጠነኛ ቢዋ፣ እሷ ብቻ አልሳቀችም።

ከዚያ ወዲህ «ቆም በይ መጣች!» የማይላት የለም። የራሷ ጭንቅላት ግን ከሁሉም ይብሳል። ጥርሷን ስትቦርሽም፣ ሒሳብ ስትሠራም ያንኑ እየመላለሰ ያሰማታል። የጋሼን ልጅ ይቅርታ መጠየቅ እንዳለባት ታውቃለች፤ ግን ከሩቅ ስታያት መንገድ ትቀይራለች። አንድ ቀንማ ወንዶች ሽንት ቤት ልትገባ ምንም አልቀራትም።

«እኔ ጎበዝ ነኝ። እኔ ጠንካራ ነኝ» ብላ ጻፈች። ዓይን ያወጣ ውሸት! ወረቀቱን ጨምድዳ ጣለችው።

«ቲቸር፣ አልሆነልኝም።»

«ሌላ ወረቀት አለ።»

«ሰው ያናድዳሉ እኮ!»

«ባለቤቴም እንደዚያ ይለኛል። አሥራ አንድ ደቂቃ ይቀርሻል።»

እልህ ያዛት። «ድምፅ አውጥቼ ማንበብ እወዳለሁ» ብላ እስክሪብቶውን ተጭና ጻፈች። «ለምን ቢባል...»

ለምን? ባለፈው ዓመት በእረፍት ሰዓት ጋሼ «ዓይኔ እምቢ ብሎኛል፣ እስቲ አንብቢልኝ» ይሏት ነበር። ጋዜጣ፣ ልብ ወለድ፣ አንዳንዴም የመድኃኒታቸውን ወረቀት ታነብላቸዋለች። ስትቻኮል ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ ያደርጋሉ። «ማን አባረረሽ? ልስማበት እንጂ!» ይላሉ። የሚያስቅ ቦታ ስትደርስ ዓይናቸውን ጨፍነው ይስቃሉ። ይህንን ሁሉ ጻፈች። «ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የማነበውን ሲያየው ደስ ይለኛል» ብላም ጨመረች። ገጹ ሲሞላ ወደ ጀርባው ገለበጠች።

በጀርባው መሃል ላይ እጇ ቆመ። አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ የራሷን ድምፅ፣ የራሷን ፊት፣ የራሷን ውርደት ስታመነዥክ፣ ለጋሼ አንዴም አላለቀሰችም። ናፍቀዋታል። እንባዋ መጣ፤ አሁንም ተናደደች፣ በራሷ።

«ሰዓቱ አልፏል» አሉ መምህርቷ፣ ሶፍት እያቀበሏት። «ላንብበው?»

«አይ፣ ቲቸር። ይዤው ልሂድ።»

ዘጠነኛ ቢ ውስጥ የጋሼ ልጅ ከኋላ ወንበር ላይ ብቻዋን ምሳዋን ትበላለች። ልጅቷን በሩ ላይ ስታያት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ስለ ሳቁ ልታወሪ ከሆነ ተይኝ።»

«ለእሱም ይቅርታ፤ ቀድሜ መምጣት ነበረብኝ። ግን የመጣሁት ስለ አባትሽ ነው። ባለፈው ዓመት ላይብረሪ ውስጥ አነብላቸው ነበር።»

«አባዬ ሰው ያነብለት ነበር?»

«ዓይናቸው ደክሞ ነበር እኮ። አልነገሩሽም?»

የጋሼ ልጅ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። «ማንም ስለ እሱ አያወራኝም። ሁሉም ሲያየኝ ይሸሻል።»

ከሚሸሹት አንዷ እሷ ራሷ ነበረች። ሌላ ይቅርታ አፏ ላይ መጣ፤ ዋጠችው። የደወሉ ሰዓት እስኪደርስ ሃያ ደቂቃ ይቀራል። ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች፤ የጻፈችውን ዘርግታ፣ ጋሼ ጋዜጣ ካስነበቧት ጀምራ አነበበችላት።