ማንም ያልተጫነው ቁልፍ

አውቶቡሱ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ድምቢጥ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ሊወስዳት ምንም አልቀራትም ነበር። ድንገት የተቃጠለ ላስቲክ ሸተታት። የአንዷ ተጫዋች ጫማ መስሏት አፍንጫዋን ይዛ ልትስቅ ስትል፣ ከወለሉ ስር ትልቅ ማስነጠስ የሚመስል ድምፅ «ፉሽሽ» አለ። ከዚያው ጋር ከፊት፣ ከሹፌሩ በኩል፣ ቀጭን ጩኸት ተነሳ፤ ጢ... ጢ... ጢ... እያለ አላቋርጥ አለ።

ሹፌሩ የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው። የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ መንዳት የጀመረው ድምቢጥ ገና ፊደል ሳትለይ ነው፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምታው አታውቅም። ያን ቀንም አልጮኸም። አውቶቡሱን መንገዱ ዳር አስጠግቶ አቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ በሩን ከፈተና ዘወር ብሎ፣ «ልጆች፣ ቦርሳ ሳትይዙ ውረዱ። ሁላችሁም። አሁኑኑ» አለ።

ለጨዋታ ይሄድ የነበረው የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን እየተገፋፋ ወረደ። አምበሏ ድምቢጥ ግን ከኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። እግሯ የሌላ ሰው እግር ሆነባት። የአውቶቡሱ ሞተር ከኋላ፣ ልክ ከእሷ መቀመጫ ስር ነው። ነጭ ጉም መስኮቱን ሸፈነው፤ ውጪው ጠፋ። ጭስ ከወለሉ እየተነነ ጉሮሮዋን ሲይዘው «በቃ፣ አበቃልኝ» አለች በሆዷ።

ያኔ ነው አንድ እጅ የሹራቧን ማጅራት ጨምድዶ የያዛት።

«ተነሺ እንጂ አንቺ! ቲያትር ነው እንዴ የምታዪው?»

ጓደኛዋ ዜና ነበረች። ወርዳ ነበር፤ ተመልሳ መምጣቷ ነው። እየጎተተች በወንበሮቹ መሃል አሳለፈቻት፣ በደረጃው አወረደቻት፣ መንገዱን አሻግራ ሣሩ ላይ ጣለቻት። ሁለቱም እያሳሉ ተቀመጡ።

አሰልጣኛቸው የሞተሩን ክዳን ሊከፍት ሲጠጋ አጎቷ ክንዱን ያዘው። «ተወው። አየር ካገኘ እሳቱ እንደገና ይነሳል። የእሳት አደጋ ሰዎች እስኪመጡ ማንም እንዳይነካው።» እነሱ ሲደርሱ የሚያጠፉት እሳት አልነበረም። አውቶቡሱ ኋላው ጠቁሮ፣ ዱቄት የተነፋበት መስሎ ቆሟል። ጨዋታው በፎርፌ ተወሰነባቸው፤ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

ዜና ቅጽል ስሟን ያገኘችው ከእሷ ቀድሞ ወሬ የሚሰማ ሰው ስለሌለ ነው። ድምቢጥ ደግሞ በቁመቷ ማጠር። አንደኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ከተቀመጡ ወዲህ ተለያይተው አያውቁም፤ ቡድኑ ውስጥ ግን አንዷ አምበል፣ ሌላዋ የማትሰለፍ ተጠባባቂ ናቸው። በማግስቱ የቡድኑ ቴሌግራም ሲጯጯኽ ዋለ። ዜና ጽፋለች፦ ሹፌሩ ደንግጦ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ዘልላ ከወንበሩ አጠገብ ያለውን ቀይ ቁልፍ የተጫነችው እሷ ናት፤ እሳቱ የጠፋው በዚያ ነው። ወሬው ርዕሰ መምህሯ ጋ ደረሰ። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና ትመሰገናለች፤ አምበሏም ያየችውን ትናገራለች ተባለ።

ዜና ደወለች። «አንቺ "አዎ፣ አይቻለሁ" ብቻ ነው የምትዪው። ሌላው እንደሆነ ወርዶ ነበር፣ ምንም አላየም።»

«እኔስ ምን አየሁ?»

«ኧረ በናትሽ አታካብጂ። አንድ ቀን እንኳ ስሜ ይጠራ።»

ድምቢጥ «ላስብበት» ብላ ስልኩን ዘጋች።

እሑድ ከሰዓት አጎቷ ጋራዥ ሲሄድ ተከተለችው። የአውቶቡሱ የኋላ ክዳን ተከፍቶ፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ቴክኒሻን ግማሽ አካሏ ውስጥ ገብቶ ትሠራለች። የእሳት መከላከያውን የምትገጥመውም የምትፈትሸውም እሷ ናት። አጎቷ «ይቺ ናት የእህቴ ልጅ» ሲላት ወጥታ እጇን በጨርቅ ጠረገችና ድምቢጥን ከላይ እስከታች አየቻት።

«እንኳን ተረፍሽ። ነይ፣ ማን እንዳተረፈሽ ላሳይሽ።»

ከሞተሩ በላይ ጠምዘዝ ጠምዘዝ ብላ የምታልፍ፣ ከትንሽ ጣት የማትወፍር ጥቁር ቱቦ ነበረች። አንድ ቦታ ላይ እንደ ፊኛ አብጣ ፈንድታለች።

«ውስጧ የታመቀ ጋዝ አለ» አለች ቴክኒሻኗ። «እሳት ማጥፊያ ዱቄት የያዘውን የዚያኛውን ሲሊንደር ቫልቭ ዘግቶ የሚይዘው የእሷ ግፊት ነው። እሳት ሲነካት እዚያው የነካት ቦታ ላይ ትቀልጥና ጋዙ ይወጣል። ግፊቱ ሲጠፋ ቫልቩ ይከፈታል፤ ዱቄቱ በእነዚህ መርጫዎች ሞተሩ ላይ ይለቀቃል። ሹፌሩ ጋ የሚጮኸውም ግፊቱ ስለወረደ ነው።»

«ባትሪው ቢቃጠልስ?»

«ባትሪ አትፈልግም። ሰውም አትፈልግም። ሁላችሁም ተኝታችሁ ቢሆን እንኳ ሥራዋን ትሠራ ነበር።»

«ታዲያ ቀዩ ቁልፍ ምን ያደርጋል?»

«እሱ ሹፌሩ ቀድሞ ጭስ ካየ የሚጫነው ነው። ሂጂና እዪው።»

ድምቢጥ በፊት በር ገብታ አየችው። ከቁልፉ ላይ ያለው የፕላስቲክ ማኅተም እንዳለ ነው። ማንም አልነካውም።

ስትመለስ ቴክኒሻኗ ባዶውን ሲሊንደር ፈትታ በሁለት እጇ ይዛዋለች። «ታውቂያለሽ፣ የእኔ ሥራ ሲሠራ አይታይም። ሲሊንደሩ እንደሞላ ይገጠማል፣ እንደሞላ ከመኪናው ጋር ያረጃል። ባዶውን ስፈታ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ቀለለኝ።» ፈገግ አለች። ድምቢጥ ብዙ ልትላት አስባ ከአፏ የወጣው «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ሆነ።

«ክፉ አይንካሽ፣ እህቴ» አለቻት ቴክኒሻኗና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ወደ ቤት በእግራቸው ሲሄዱ ድምቢጥ ዝም ማለት አልቻለችም።

«ጋሼ፣ ዜና ያወራችውን ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ። እጁ ተንቀጠቀጠ አለች አሉ።»

«ውሸቷን ነው።»

«እሱስ ተንቀጥቅጧል። ግን ያኔ አይደለም፤ ሁላችሁም ወርዳችሁ ስቆጥር አንድ ሰው ሲጎድልብኝ ነው። የጎደልሽው ደግሞ አንቺ።» ትንሽ ሄደና ቆመ። «በሩ ጋ እስክደርስ ያቺ ለፍላፊ ጓደኛሽ በጎኔ ሾልካ ገብታለች። ማንም አልላካትም። ለእናትሽ ምን ብዬ ልነግራት ነበር እያልኩ እስካሁን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ስለ ቁልፉ የፈለገችውን ታውራ፤ እኔ እሷን አመስግኜ አልጠግብም።»

ድምቢጥ እጁን እንደ ሕፃንነቷ ያዘችው፤ እሱም እስከ ቤት ድረስ አልለቀቃትም።

ሰኞ ጠዋት ዜና የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻት። ጸጉሯን ተሠርታለች፤ ዩኒፎርሟ ተተኩሷል።

«ቁልፉን ማንም አልተጫነውም» አለች ድምቢጥ። «ትናንት ሄጄ አየሁት። ማኅተሙ አልተነካም። ስለዚህ አይቻለሁ ብዬ አልናገርም።»

የዜና ፊት ተለዋወጠ። «ልታዋርጂኝ ነው?»

«አንቺ ራስሽ ያደረግሽው እያለ ለምን ሌላ ፈለግሽ?»

«ምን አደረግኩ?»

«ተመልሰሽ ገብተሽ አወጣሽኝ እኮ።»

ዜና ትከሻዋን ነቀነቀች። የምትቀልድ አትመስልም። «እሱ ደግሞ ምኑ ይወራል? አንቺ እኮ ነሽ።»

ደወሉ ተደወለ። ተማሪው ወደ ሜዳው ሲጎርፍ ሁለቱ በሩ ጋ እንደቆሙ ቀሩ። ዜና የዩኒፎርሟን እጅጌ እየጎተተች፣ «እንደ ድመት ልጅ በማጅራቴ አንጠልጥላ አወጣችኝ እንዳትዪ ብቻ» አለች በቀስታ። «ጋሼንም... እኔ ራሴ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።»

ርዕሰ መምህሯ የአምበሏን ስም ጠሩ። ድምቢጥ በሰልፉ መሃል አልፋ ወጣች። ማይኩ ለሌላ ሰው ቁመት የተተከለ ነበር፤ በእጇ ዝቅ አደረገችው። ከኋላ ረድፍ ላይ ዜናን ፈልጋ አገኘቻት።

«ስለ ጓደኛዬ ልነግራችሁ ነው» አለች። «ከቁልፉ በፊት ግን ከእኔ እጀምራለሁ፤ ሁሉም ሲወርድ እኔ አልወረድኩም ነበር።»