እናቶች የነኳቸው ሦስት ሸክላዎች

ከአርባ ሸክላዎች ሠላሳ ሰባቱ እሳቱን ችለው ሲወጡ ሦስቱ ብቻ ለምን ቀለጡ?

ሙሚና የፀሐይ ምድጃውን በር ይዛ ቆመች። በጨው ሜዳው ላይ የተተከሉት መስተዋቶች ከፀሐይ የሰበሰቡት ሙቀት እንደ ወትሮው አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዲግሪ ነበር። የጠፈር መርከቡ ሲወርድ ከእሳት እንዲጠብቀው ሆዱ ላይ የተለጠፈ እያንዳንዱ ሸክላ እዚህ አንድ «እህት» አለው፤ በአንድ ቀን ተቦክቶ፣ አንድ ልባስ ተቀብቶ፣ አብሮ የተተኮሰ። መርከቡ ከመውረዱ በፊት እህቶቹ ይፈተናሉ። እስከ ዛሬ የወደቀ የለም።

መርከቡ መውረድ ሊጀምር ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። የሚነዳው ታናሽ ወንድሟ ያዮ ነው።

«ልባሱ ይሆን?» አሉ የምድጃው ኃላፊ ጋሽ ሁመድ።

«ልባሱ ለሁሉም አንድ ነው።»

«ታዲያ ባሕር ማዶ የተማርሽው ምን ይላል?»

«አላውቅም ይላል።»

ከቀለጡት ሸክላዎች በአንዱ ላይ መርማሪውን መብራት አበራችበት። መብራቱ ያረፈበት ነገር ከምን እንደተሠራ ይዘረዝራል። በእጇ በያዘችው ሰሌዳ ላይ ሶዲየም ወጣ፤ ብዙ ሶዲየም።

ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም አቅላጭ ነው። አሸዋ ብቻውን እሳትን ይታገላል፤ አቅላጭ ሲገባበት ግን በትንሽ ሙቀት እጁን ይሰጣል። በልባሱ ውስጥ በልክ ይጨመራል፤ ያለ እሱ ልባሱ እንደ ብርጭቆ አይለሰልስም። ከሥር ያለው ጭቃ ውስጥ ከገባ ግን ሸክላው ራሱ ይፈሳል።

አቧራውን በብሩሽ ጠረገች። የቀለጠው ጉድጓድ መዳፍና አምስት ጣቶች ነበሩት።

ሸክላዎቹ በተቦኩበት ዕለት፣ ጭቃው ሳይደርቅ፣ የሦስቱ ተጓዦች እናቶች ልጆቻቸውን ለመሸኘት መጥተው ነበር። «ልጄን የሚሸከመውን ልንካው» አሉ። አንድ እጃቸውን ለመርከቡ በተዘጋጀው ሸክላ፣ ሌላውን በእህትየው ላይ አሳረፉ። ያለ ጓንት ጭቃ እንደማይነካ ሙሚና ታውቃለች። ግን «ፈረንጅ ሆና ተመለሰች» መባልን ፈራች። የመጀመሪያዋ የራሷ እናት ነበረች።

«ጋሽ ሁመድ፣ ያን ቀን እናቴ እጇን ታጥባ ነበር?»

ሽማግሌው በቀለጠው ዱካ ላይ ጎንበስ አሉ።

«ከጨው ኩሬው ሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው። ሦስቱም እንደዚያው። ውሃ ላምጣ ስል ‹ይተዉዋቸው፣ ይንኩ› አልሽኝ።»

ሙሚና ሠላሳ ሰባቱን ደህና ሸክላዎች አየቻቸው። ያቦካቸውም፣ የቀባቸውም፣ የለጠፋቸውም ማሽን ነው። የሰው እጅ አርፎባቸው አያውቅም።

በሰሌዳው ለወንድሟ ጻፈች፦

«ያዮ፣ አትውረድ። ምድርን ሌላ ዙር ዙር፣ ሌላ መርከብ እንልክልሃለን። እናታችን የባረከችው ሸክላ አይችልም። ይንኩ ያልኩት እኔ ነኝ። አንብበህ ከሆነ አንድ ቃል ብቻ መልስልኝ።»

ሰሌዳው «ተልኳል» አለ።

«ሰዓቱስ?» አሉ ጋሽ ሁመድ።

«መውረድ ከጀመረ አራት ደቂቃ አልፏል።»

ሽማግሌው ከአጠገቧ ተቀመጡ። ሁለቱም ሰሌዳውን ሲያዩ አመሹ፤ ከ«ተልኳል» በታች ምንም አልተጻፈም።