ከሳህኑ በስተግራ

የድምፅ መስጫው ፖስታ ከመምጣቱ በፊት ነገሮች እንዲህ ነበሩ። ሄሮን ቤይ አንድ አምቡላንስ ነበራት። ከእሳት አደጋ ጣቢያው ተነስቶ ኮረብታው ላይ ካለው ቢጫ ቤት ለመድረስ ስድስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ማርኒ ይህን ማንም አልነገራትም። ባለፈው ፌብሩዋሪ አያቷ ኦሪን ኩሽና ውስጥ በስትሮክ ተመትቶ ሲወድቅ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ የግድግዳውን ሰዓት ስታይ ነበር። ስትደውል ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአሥራ ሁለት ይላል። አሥር ከአሥራ ስምንት ሲል የአምቡላንሷ ሹፌር ፒላር በሩን በእግሯ ገፍታ ገባች።

ኦሪን ተረፈ። የሚጽፍበት ግራ እጁ ግን አልተረፈም፤ የግራው እይታውም አብሮ ሄደ። ዓይኑ ጤነኛ ነው፤ ሐኪሙ እንዳለው ችግሩ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። ከፊቱ ካለው ነገር ሁሉ በግራ በኩል ያለው ለእሱ የለም። እራት ሲበላ የሳህኑን ቀኝ ግማሽ ጠርጎ ይጨርስና «ዛሬ ደግሞ ቆጥበሽብኛል» ይላል። ያኔ ማርኒ ሳህኑን ታዞርለታለች። የቀረው ድንችና ዓሣ ከየት እንደመጣ ሳይገባው፣ «አሃ!» ብሎ ይቀጥላል።

ኩሽናው ግድግዳ ላይ ገመዱ የተንዘላዘለ አሮጌ ስልክ አለ። ቁጥሩ አርባ ዓመት ሙሉ አልተቀየረም። የማርኒ አባት ዴል በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር እሱ ብቻ ነው። ዴል መጀመሪያ ደሞዙን፣ ቀጥሎ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባውን በአውራ ጎዳናው ዳር ባሉት ቁማር ቤቶች አስበላ። ማርኒ አሥራ ሦስት ዓመት ሊሞላት ሲል አንድ ጠዋት ወጥቶ ቀረ። እናቷን በሕፃንነቷ ስላጣች የቀራት አያቷ ነው። ዴል በዓመት አንድ ጊዜ፣ በልደቷ ቀን፣ ሜይ አሥራ ዘጠኝ ይደውላል። እስካሁን ሦስት ጊዜ ደውሏል። ከየት እንደሚደውል ተናግሮ አያውቅም፤ የሚደውልበትም ስልክ በየዓመቱ ሌላ ነው።

የሄሮን ቤይ ሰው ድምፅ የሚሰጠው በፖስታ ነው፤ ፖስታው የመጣው በኦክቶበር ሦስተኛ ሳምንት ነው። ማርኒ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ጥቁር እስክሪብቶ ያዘች።

«አንብቢ እስቲ» አለ ኦሪን። «ቀስ ብለሽ። እንደ ራዲዮ ማስታወቂያ አታንበልብይው።»

«ጥያቄ ቁጥር አንድ። በድሮው የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ሕንፃ ውስጥ የካርታ ቁማር ቤት እንዲከፈት ይፈቀድ? ከተማው ከቁማር ቤቱ የሚያገኘው ግብር ለአምቡላንስ አገልግሎት ይውላል።»

«ቀጥይ።»

«ጥያቄ ቁጥር ሁለት። ለአምቡላንስ አገልግሎት የሚውል ተጨማሪ የቤትና የመሬት ግብር ይጣል? ሁለቱም ካለፉ ተጨማሪው ግብር አይጣልም።»

«ሁለቱም ቢወድቁስ?»

«ይሄ ወረቀት ላይ የለም። ግን ጣቢያው በጃንዋሪ ይዘጋል፤ አምቡላንስ ከሚልተን ነው የሚመጣው። አርባ አንድ ደቂቃ።»

ኦሪን ፂሙን በቀኝ እጁ አሻሸ። «አንደኛውን አይሁን በይ። ሁለተኛውን ይሁን በይ።»

ማርኒ እስክሪብቶውን አላነሳችም። የቤቱን ግብር የምትከፍለው ሩቅ ስፖኬን ከተማ የምትኖረው አክስቷ ቨርና ናት። ቨርና በስልክ ስትናገር ድምፅዋ ከኩሽናው አልፎ በረንዳ ድረስ ይሰማል፦ «አባዬ፣ ስማኝ! አንድ ሳንቲም ቢጨምሩበት ከእንግዲህ አልችልም። ቤቱ ይሸጥና ሁለታችሁም እኔ ጋ ትመጣላችሁ። አለቀ!» ቨርና ክፉ ሰው አልነበረችም። የምትለውን ግን ታደርጋለች።

«አባባ፣ አክስቴ ያለችውን ሰምተሃል አይደል?»

«የታመመው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ ምንም አልሆነ።»

«እና አንደኛውን ይሁን ብንለውስ? አምቡላንሱም ይቆያል፣ ቤቱም ይቆያል።» ከዚያ ሳታስበው አፏ የቀረውን አወጣው። «ቁማር ቤት እዚህ ቢከፈት አባዬም ይመጣል።»

ኦሪን ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ይመጣል» አለ። «ግን ወደ ማሸጊያው ነው የሚመጣው እንጂ ወደዚህ ኮረብታ አይወጣም። መስኮት ላይ ሆነሽ መኪናውን ታያታለሽ። እንዳደረች ታያታለሽ። ያንን እንድታዪ አልፈልግም፣ የኔ ልጅ።»

«ሁለተኛው ካለፈ ግን ቤቱ ይሸጣል።»

«አውቃለሁ። ይሄን ኩሽና እኮ እኔ ነኝ የሠራሁት።» ደህና እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። «እኔ ስድስት ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ለእኔ ከደረሰ በኋላ ለሌላው ሰው አርባ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል ልል አልችልም። በይ አጥቁሪው።»

የሚጠቆሩት ክቦች ያሉት በወረቀቱ ግራ ጠርዝ ነው። እሱ ከነጭራሹ አያያቸውም። ማርኒ አንደኛው ላይ «አይሁን»ን፣ ሁለተኛው ላይ «ይሁን»ን እንደ ፈተና ወረቀት ዳር እስከ ዳር አጠቆረች።

ፖስታው ጀርባ ላይ መፈረሚያ ነበር። «መፈረም የማይችል ሰው ሁለት ምስክሮች ባሉበት ምልክት ያድርግ» ይላል።

«ስድሳ ዓመት ስሜን የፈረምኩ ሰው ነኝ። እንደ ሕፃን ኤክስ አልሠራም» አለና በቀኝ እጁ ፈረመ። ፊርማው ተረግጣ የሞተች ሸረሪት ይመስል ነበር። ሁለቱም ሳቁ። ማርኒ በማግስቱ ፖስታውን ድምፅ መቀበያው ሣጥን ውስጥ ጨመረችው።

በምርጫው ማክሰኞ የቁማር ቤቱ ጥያቄ በሦስት መቶ ድምፅ ልዩነት ወደቀ። የግብሩ ቆጠራ ግን እየወጣ እየወረደ ቆየ። በሳምንቱ ሐሙስ የወረዳው ምርጫ ቢሮ ያወጣው ቆጠራ ይሁን 702፣ አይሁን 704 ይላል። የፊርማ ችግር ያለባቸው አሥራ ዘጠኝ ፖስታዎች ገና አልተከፈቱም።

በዚያው ሐሙስ ማርኒ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር ላይ ካለው የፖስታ ሣጥን ውስጥ ለኦሪን የተጻፈ ደብዳቤ አገኘች። እዚያው ቆማ ከፈተችው። ደብዳቤው እንደሚለው፣ የአቶ ኦሪን ፊርማ ቢሮው ካለው ፊርማ ጋር አልተመሳሰለም። የተያያዘውን ቅጽ ሞልተው እስከ ሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ካልመለሱ ድምፃቸው አይቆጠርም።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ገብታ እራት አቀረበችና ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከሳህኑ በስተግራ።

አልደበቅኩትም አለች ለራሷ። እዚያው ነው። ፊት ለፊቱ ነው ያለው።

ኦሪን በላ። ሳህኑን አዞረችለት። «አሃ!» አለ። ደብዳቤው ከክርኑ አንድ ስንዝር ርቆ እዚያው አደረ።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ጓደኛዋ ጁኖ ትሪዋን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ተቀመጠች። አባቷ ቁማር ቤቱ ቢከፈት ጥበቃ ሆኖ ሊቀጠር ነበር።

«የዚህ ከተማ ሰው ፋራ ነው፤ በቃ ፋራ!» አለች ጁኖ። «ሥራ በሩ ድረስ መጥቶለት ይመልሳል። አሁን ደግሞ ግብር ሊጭኑብን ነው። ቢያንስ እሱ ይወድቃል።»

«በሁለት ድምፅ ነው።»

«ሁለትም ቢሆን መሸነፍ መሸነፍ ነው። አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የጠወለገው?»

ማርኒ ስለ ደብዳቤው ነገረቻት።

«ታዲያ ምን ታካብጃለሽ?» አለች ጁኖ ጥብስ ድንቿን እያኘከች። «ጠፋ በያ! ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲጠፋበት የመጀመሪያው ነው?»

«አልጠፋም። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው።»

«እና አላየውም?»

«በግራ በኩል ነው ያስቀመጥኩት።»

ጁኖ ማኘኳን አቆመች። የኦሪንን ሳህን ታውቃለች፤ እነሱ ቤት እራት ስትበላ አንዴ ራሷ አዙራለታለች።

«ማርኒ…» አለች። «ይሄንንስ እኔም አላደርገው።»

ማርኒ ቀና ብላ አላየቻትም።

ቅዳሜ ደብዳቤው እዚያው ነበር። ጠረጴዛውን ስትወለውል አንስታ ወለወለችና በቦታው መለሰችው። ማታ ስልኩ ጠራ። ልደቷ እንዳልሆነ እያወቀች ሮጣ አነሳችው። ቨርና ነበረች፤ ስለ ቆጠራው ልትጠይቅ። «አይዞሽ፣ የሚወድቅ ይመስላል» አለቻት። «እዚያው ትቆያላችሁ።» ማርኒ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ስልኩን ዘጋችና የተጠማዘዘውን ገመድ በጣቷ እየፈታች ቆየች።

እሑድ ሲመሽ ዝናብ ነበር። ዓሣና ድንች ቀቅላ አቀረበች።

«ፒላር ቅድም ብቅ ብላ ነበር» አለ ኦሪን እየጎረሰ። «በሁለት ድምፅ ተሸንፈናል ብላ ተክዛለች። እኔስ አላዝንም አልኳት። የእኔ ገብቷል፤ ማርኒ ናት ያጠቆረችልኝ አልኳት።» ሳህኑ ውስጥ ፈለገና ሹካውን አስቀመጠ። «ዛሬም ቆጥበሽብኛል።»

ማርኒ እጇን ወደ ሳህኑ ሰደደች። በዘጠኝ ወር ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳዞረችው አታውቅም። ኦሪን ጠይቆ፣ ተጠራጥሮ ወይም «ሌላ አለ ወይ?» ብሎ አያውቅም። ሳህኑ ሲዞር የሚመጣለትን ይበላል፤ የማይመጣውን እንደሌለ ይቆጥራል።

ከታች ከመንገዱ የአምቡላንሷ ጩኸት መጣ። ወደ ወደቡ እየሄደች ነበር። ማርኒ ሳታስበው ሰዓቱን አየች። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት። ጩኸቱ በአራተኛው ደቂቃ ላይ ቆመ። የሆነ ሰው በር ላይ ደርሳለች ማለት ነው።

ሳህኑን አዞረች። «አሃ!» አለ ኦሪን።

ከዚያ ደብዳቤውን አነሳችና ከሳህኑ በስተቀኝ አስቀመጠችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ከምርጫ ቢሮ ነው። ፊርማህን አልተቀበሉትም።»

«መቼ መጣ?»

«ሐሙስ።»

ኦሪን ደብዳቤውን ትቶ እሷን አየ። ሙሉዋን ለማየት ጭንቅላቱን ወደ ግራ ማዞር ነበረበት፤ አዞረ።

«የት ነበር?»

ማርኒ በጣቷ አሳየችው። ከሳህኑ በስተግራ ያለችውን ባዶ ቦታ ለማየት እንደገና ብዙ ዞረ።

«ከዚህ ከወጣን የት ብሎ ይደውላል?» አለች ማርኒ። «ሌላ ቁጥር እኮ አያውቅም። አባባ፣ አያውቅም እኮ።»

ኦሪን አልተቆጣትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። እጁን ዘርግቶ ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ አስደገፈውና ዓሣው እስኪቀዘቅዝ ድረስ እንደዚያው ቆዩ።

«እኔም እኮ ስልኩ ሲጠራ ልቤ ይዘላል» አለ። «ልጄ አይደለም እንዴ?»

ሰኞ ጠዋት ፒላርና የሥራ ባልደረባዋ መጡ። ኦሪን ቅጹ ላይ ኤክስ አደረገ፤ ሁለቱ በምስክርነት ፈረሙ። «ይኸው፣ አንደኛ ክፍል ገባሁ» አለ። ከፒላር በቀር የሳቀ አልነበረም። ቅጹን በራሷ መኪና ወስዳ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ለቢሮው አስረከበች።

ካልተከፈቱት አሥራ ዘጠኝ ፖስታዎች ሦስቱ ባለቤቶቻቸው ቅጹን ስላልመለሱ ወደቁ። አሥራ ስድስቱ ተቆጠሩ። የመጨረሻው ውጤት ይሁን 712፣ አይሁን 710 ሆነ።

ቨርና ያለችውን አደረገች። ቢጫው ቤት ተሸጠ፤ ቁልፉን ያስረከቡት ጃንዋሪ ሠላሳ ቀን ነው። በዚያ ጠዋት ማርኒ ስልኩን ለመጨረሻ ጊዜ አንስታ የስልክ ድርጅቱ ጋ ደወለች። ሠራተኛዋ እንዳስረዳቻት፣ በድሮው ቁጥር የሚደውል ሰው አዲሱን ቁጥር የሚነግር መልእክት ይሰማል። ማርኒ የስፖኬኑን ቁጥር አንድ በአንድ አስመዘገበች፤ ሠራተኛዋንም መልሳ እንድታነብላት ጠየቀቻት።

መልእክቱ የሚቆየው ለዘጠና ቀን፣ እስከ ኤፕሪል ሠላሳ ነው። ከዚያ እስከ ልደቷ፣ ሜይ አሥራ ዘጠኝ፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ቀን ይቀራል።