አባዬ፣ ተራህን ጠብቅ

«አባዬ፣ ተራህን ጠብቅ።»

ልጅቱ የደነገጠችው ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። አባቷ፣ ታክሲ ሙሉ ሰው በአንድ ጩኸት ጸጥ የሚያሰኘው ሾፌር፣ የተማሪ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጣጥፎ እንደተቀመጠ አፉን ከፍቶ ቀረ። የክፍሏ ኃላፊ መምህርት ሳቋን በሳል ሸፈነችው።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ስብሰባውን የምመራው እኔ ነኛ። ሕጉ ነው።»

እውነቷን ነው። ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ የወላጅ ስብሰባን ገልብጦታል። ተማሪው ራሱ ይሰበስባል፣ ችግሩንም ራሱ ያቀርባል፤ መምህርና ወላጅ የሚናገሩት ዕድል ሲሰጣቸው ነው። ጓደኞቿ «በገዛ እጅ መገረፍ» እያሉ ሙድ ይዘውበታል። እሷ ግን መስታወት ፊት ቆማ ተለማምዳ ነው የመጣችው።

«ችግሬ ማርፈድ ነው» አለች ድምፅዋን አስተካክላ። «ሒሳብ ሁሌ መጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ስለሆነ ግማሹ ያመልጠኛል። በዚሁ ከቀጠልኩ የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና አያስፈትኑኝም። አሁን ተራው ያንተ ነው፣ አባዬ። ለምን የማረፍድ ይመስልሃል?»

«ይመስልሃል? አውቃለሁ እንጂ! ስልክ! ስልኳን ታቅፋ ታድርና ጠዋት በክሬን ነው የምትነሳው።»

ደሟ ፈላ። «ውሸት!» ማለት ቀላል ነበር። ከዚያ እሱ ይጮሃል፣ እሷ ታለቅሳለች፣ ስብሰባውም እዚያው ያበቃል። ምላሷን ነክሳ ሌላ ጥያቄ አነሳች።

«እሺ። ወንድሜን መዋዕለ ሕፃናት የሚያደርሰው ማነው?»

«አንቺ ነሻ። መንገድሽ ነው።»

«በራቸው መቼ ይከፈታል?»

«ጠዋት ነዋ!»

«የእኛ ትምህርት ቤት በር ሲዘጋ ነው የእነሱ የሚከፈተው፣ አባዬ።»

ሾፌሩ በዚያ በር አጠገብ በየቀኑ ተሳፋሪ ጭኖ ያልፋል፤ መቼ እንደሚከፈት ግን ልብ ብሎ አያውቅም።

«እናትሽስ?»

«ዳቦ ቤት ናታ። ሳይነጋ ነው የምትወጣው።»

«እኔም እኮ በዚያ ሰዓት መኪና አጥባለሁ።»

«መኪናው ግን ፈተና የለበትም።»

መምህርቷ ልትናገር ስትል ልጅቱ በዓይኗ አቆመቻት። አባቷ አገጩን አሻሸ፤ ጣሪያውን አየ፤ ጥቁር ሰሌዳውን አየ።

«በሳምንት ሁለት ቀን እኔ ላድርሰው።»

«ሒሳብ በየቀኑ ነው።»

«አቤት! ከተሳፋሪ የባስሽ ተከራካሪ!» መምህርቷን አየ፤ ከእሷም እርዳታ አላገኘም። «እሺ በቃ። በየቀኑ።»

በማግስቱ ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ ቦርሳዋን ስታነግት ከውስጥ ኡኡታ ተሰማ። ትንሹ ወንድሟ አንድ እግሩን ብቻ ተጫምቶ «ከእሷ ጋር ነው የምሄደው!» እያለ ወለሉ ላይ ይንከባለላል። አባቷ ካልሲ በእጁ እንደያዘ ላብ አጥምቆታል።

«ነይ እስቲ አንዴ! ለዛሬ ብቻ!»

መላውን ታውቀዋለች። ብብቱ ሥር ከኮረኮሩት ይስቃል፤ ስቆ ሳይጨርስ ጫማው ይገባል። ለእሷ የአንድ አፍታ ሥራ ነው። እጇ የበሩ እጀታ ላይ እንዳለ ቆመች። ለዛሬ ብቻ። ነገም ሌላ «ለዛሬ ብቻ» ይመጣል።

«ኮርኩረው፣ አባዬ!» ብላ ጮኸችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።