ልበ ዘቡ ያላስገባው አባት

በአዲስ ቀዬ ከተማ ልጆች ቁልፍ የሚያዩት ሙዚየም ውስጥ ነው። በር የሚከፍተውም የሚዘጋውም ልበ ዘብ ነው፤ ይኸውም ግድግዳ ውስጥ በተቀበሩ ጥቃቅን ጆሮዎች የቤተሰቡን የልብ ትርታ እያዳመጠ፣ ማን እንደተደሰተና ማን እንደፈራ የሚያውቅ የቤት ጠባቂ ማለት ነው። ሌባ ፊቱን ሊለውጥ፣ አሻራም ሊያስመስል ይችላል፤ የቤቱን ሰው ልብ ግን አያታልልም ተብሎ የተሠራ ነው። እውነትም ከተማዋ ስርቆትን ከረሳች ቆይታለች። ሰው ቦርሳውን መተላለፊያ ላይ ጥሎ ይውላል፤ የሚነካው ቢኖር መጥረጊያው ማሽን ነው።

ሰናይት የልበ ዘብ ጥገና ባለሙያ ናት። ባሏ መኳንንት «አንቺ እኮ ከሰው ይልቅ ከግድግዳ ጋር ነው ወሬሽ» እያለ ይቀልድባታል። የዛሬውን አዲስ ማሻሻያ ከማንም በፊት የጫነችው በራሷ ቤት ነው። እስከ ትናንት ልበ ዘቡ ፍርሃት ሲሰማ መዝግቦ ከማስቀመጥ በቀር በሰው ላይ በር አይዘጋም ነበር። ለወራት ሲያዳምጥ ከርሞ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ግን በራሱ ፍርድ ይዘጋል፤ ለከተማዋ የጥበቃ ጓድም ይጠቁማል። ሰናይት ይህን ያህል ታምነዋለች።

አመሻሹ ላይ ልጇን ሶልያናን እራት እያበላቻት ነበር። ሶልያና አራት ዓመቷ ነው፤ ጉርሻ ጉንጯ ውስጥ ሸጉጣ ሰዓት የምታስቆጥር ግትር ልጅ ናት።

«አቶ መኳንንት አሳንሰር ውስጥ ናቸው» አለ ልበ ዘቡ፣ በተለመደው ትሕትናው።

ልጅቷ የያዘችውን በአንድ ጊዜ ዋጠችው። የእርምጃ ድምፅ ቀረበ፣ በሩም ተንኳኳ። መኳንንት በር በራሱ በሚከፈትበት ዘመን ማንኳኳትን ያልተወ ሰው ነው፤ ሳያንኳኩ መግባት ነውር ነው እየተባለ ነው ያደገው። በሩ ግን አልተከፈተም።

«ሰናይት፣ ይሄ በርሽ ምን ሆኖ ነው?» አለ ከውጭ።

«ክፈትለት እንጂ» አለችው ልበ ዘቡን።

«አልችልም፣ ወይዘሮ ሰናይት። ውጭ ያሉት ሰው ለልጅዎ አደገኛ ናቸው። ለጥበቃ ጓዱ አሳውቄያለሁ፤ እየመጡ ነው።»

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። ጓዱ የተጠቆመውን ሰው ይዞ ከሄደ፣ ምርመራው እስኪያልቅ ልጁ አጠገብ አያደርሰውም። ልጃቸው በሌሉበት አፍ የፈታችባቸው አባቶች እንዳሉ ታውቃለች። «የልጅ ደኅንነት ከሆነ አባትም ቢሆን ይጣራ» ብላ በየስብሰባው ስትከራከር የኖረችውም ራሷ ናት።

«ቁጭ በይ የኔ ማር፣ አባዬን ይዤው ልምጣ» ብላ ወጣች። በሩ አሳልፏት ከኋላዋ ተዘጋ።

«ይኸው በሠራተኛሽ አስባረርሽኝ» አለ መኳንንት እየሳቀ።

አልሳቀችለትም። በሩ አጠገብ ያለውን የጥገና ሰሌዳ ከፍታ ማንበብ ጀመረች። ብልሽት የለም ይላል። የሶልያና ልብ በየምሽቱ ረግቶ ይቆይና፣ የአባቷ እርምጃ ከአሳንሰሩ ሲወጣ ድንገት ይዘላል። ሲያንኳኳ ደግሞ ይብስበታል። ያለፉት ወራት በሙሉ እንዲሁ ናቸው።

«ምን ይላል?»

«ትፈራሃለች።»

«ማን?»

«ልጅህ።»

መኳንንት ሊስቅ ፈልጎ ፊቷን ሲያይ ተወው። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ሥራ ስትውል ልጅቷን የሚይዘው እሱ ነው፤ ሳትወድ ያንን አሰበች። ስንት ዓመት አብራው የተኛችውን ሰው አሁን እንደ ባዕድ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። አሳፈራት፤ ግን ማየቷን አላቆመችም።

«አንቺም ይህን ታምኚያለሽ» አለ መኳንንት ቀስ ብሎ። ወደ ሰሌዳው ጠቆመ። «ይሄ ነገር ድምፅም ይቀዳል አይደል? አሰሚኝ። ምን እንዳደረግኳት እኔም ልስማ።»

ሰሌዳውን ነካችው። የማንኪያ ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ልበ ዘቡ አሳንሰር ውስጥ ማን እንዳለ ሲናገር ተሰማ። ከዚያ የራሷ ድምፅ፣ ለስለስ ብሎ፣ በፍቅር፤

«ሰማሽ ሶሊ? ሌባው እየመጣ ነው። የሚወስደው ያልበላ ልጅ ነው። ዋጪ፣ ቶሎ ዋጪ፣ ይኸው ደረሰ።»

እርምጃ። ማንኳኳት። የልጅ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ሲል።

የሌላ ቀን ምሽት ከፈተች። ያው ሌባ። የሌላውን ከፈተች። ሌባው እዚያም አለ።

ሰናይትን እናቷ በጅብ እያስፈራራች ነበር ያበላቻት። በአዲስ ቀዬ ጅብ ስለሌለ እሷ ሌባ ተካችበት፤ ሌባም አልነበረም እንጂ። በከተማዋ የቀረው የመጨረሻ ሌባ የሚመጣው እሷ ቤት ነበር፣ በእራት ሰዓት፣ በባሏ ጫማ። በሩ ተከፍቶ አባቷ ሲገባ ሶልያና አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ታለቅስ ነበር፤ ሁለቱም ናፍቆት መስሏቸው ደስ ይላቸው ነበር።

ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ለማብላት ነው?» አለ መኳንንት።

«ለማብላት ነው። ሌላ ምንም አላሰብኩም።»

«ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ንገሪያት።»

የተቀዳውን ልታጠፋ ትችል ነበር። ልጅቷ ልብ ውስጥ የገባውን ግን የሚያጠፋ መሣሪያ የላትም። አፏን ወደ በሩ አስጠጋች።

«ሶሊ፣ ስሚኝ። ሌባ የለም። ኖሮም አያውቅም። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ። ሲመጣ የምትሰሚው አባዬ ነው፤ ሁልጊዜም አባዬ ነበር። ሁለተኛ አልዋሽሽም።»

መኳንንት ጎንበስ ብሎ በጣቱ ጫፍ አንኳኳ።

«ሶሊዬ፣ እኔ ነኝ።»

ሰሌዳው ላይ የሶልያና የልብ ምት ዘለለ፣ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ረጋ። በሩ ተከፈተ።

«አቶ መኳንንት፣ ይግቡ።»

ሮጦ ገባና ልጁን አቀፋት። ሰናይት ልትከተለው ስትል በሩ ተመልሶ መጣና፣ ክንድ የምታህል ክፍተት ትቶ ቆመ።

«ይቆዩ፣ ወይዘሮ ሰናይት» አለ ልበ ዘቡ። «ልጅዎ ስትፈራ የኖረችው የእርስዎን ድምፅ ተከትላ ነው። ጥቆማውን አስተካክያለሁ።»

ሶልያና ከአባቷ ትከሻ በላይ በክፍተቱ አየቻት። አላለቀሰችም። ነገሩ እንዲገባት ብቻ የፈለገች ትመስል ነበር።

«እማዬ፣ ሌባዋ አንቺ ነሽ?»

አሳንሰሩ ተከፈተና ሁለት የጥበቃ ጓድ ሴቶች ወጡ። የተስተካከለው ጥቆማ ገና ያልደረሳት ቀዳሚዋ በክፍተቱ መኳንንትን ተመለከተች።

«የተጠቆመው ሰው እሳቸው ናቸው?»

«ብልሽት ነው» አለ መኳንንት ፈጥኖ። «ባለቤቴ የጥገና ባለሙያ ናት፣ እሷን ጠይቋት።»

ሴቲቱ ወደ ሰናይት ዞረች። ሰናይት ብልሽት ነው ካለች ብልሽት ነው፤ በዚህ ሕንፃ ከእሷ ቃል በላይ የሚታመን የለም። ፈርመው ይመለሳሉ፣ በሩም ይከፈታል። ልጅቷ መልስ እየጠበቀች አሁንም ታያታለች።

«ብልሽት የለም» አለች ሰናይት። «የተጠቆምኩት እኔ ነኝ።»